ከኦፕራሲዮን በኋላ የመርከብ ሽርሽር፦ ከየትኛው ወደብ ልነሳ?

በዚህ ሳምንት የአድማጮች ጥያቄና መልስ ክፍለ ጊዜ መስመር ላይ የነበሩት አንድ የቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስት ናቸው። ከቀዶ ሕክምና እያገገሙ በመዝናኛ መርከብ ለመጓዝ ያሰቡና የመነሻ ወደብ መምረጥ የቸገራቸው አድማጮች ደውለው ጠይቀዋቸዋል። አነጋገራቸውን ብዙም ሳንነካካው አቅርበነዋል።

ጥያቄ፦ ሐሞት ከረጢቴ በትንንሽ ቀዳዳ ከወጣ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። በመኪና ሁለት ሰዓት የሚያስኬድ ወደብ አለ። ትልቁና አዲሱ መርከብ የሚነሳው ግን በአውሮፕላን ከሚኬድበት ወደብ ነው። የቱ ይሻለኛል?

መልስ፦ የሁለት ሰዓቱ። ሰው ወደብ ሲመርጥ የመርከቡን ፎቶ ያያል፤ እኔ የማየው ከቤትህ ደጃፍ እስከ መርከቡ መግቢያ ያለውን መንገድ ነው። ሦስት ነገር እጠይቃለሁ፣ ዛሬ ደጋግሜ ስጠይቅ ትሰሙኛላችሁና አትሰልቹኝ። ስንት ሰዓት ትቀመጣለህ? ሻንጣውን ማን ያነሳል? መድኃኒቱ በማን እጅ ነው? ቅርብ ወደብ ሦስቱንም ያቀልልሃል። አንድ ነገር ቢፈጠር እንኳ ኦፕራሲዮን ያደረገህ ሐኪም ሩቅ አይደለም። ጠንካራ ማስታገሻ እየወሰድክ ከሆነ ግን መሪውን ለሌላ ሰው ስጥ።

ጥያቄ፦ ከኦፕራሲዮን በኋላ አውሮፕላን ለመሳፈር ስንት ቀን መጠበቅ አለብኝ? አንዱ አሥር ቀን ይለኛል፣ ሌላው ስድስት ሳምንት።

መልስ፦ ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። የምን ኦፕራሲዮን እንደሆነ ሳትነግረኝ ቀኑን ብቻ አትጠይቀኝ። የእንግሊዝ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ለምሳሌ ለዓይን ሞራ 1 ቀን፣ በትንንሽ ቀዳዳ ለሚሠራ 1 እስከ 2 ቀን፣ ለቀላል የሆድ ኦፕራሲዮን 4 እስከ 5 ቀን፣ ከበድ ላለ የሆድና ለደረት ኦፕራሲዮን 10 ቀን ይላል። ይህ ሁሉም ነገር በሰላም ለሄደለት ሰው ዝቅተኛው ነው። ቁስሉ ያመረቀዘ፣ ትኩሳት ያለው፣ ደም ያነሰው ሰው በዚህ ሒሳብ ውስጥ የለም።

ለምን ይጠበቃል ካልክ፣ አንደኛው ምክንያት አየር ነው። አውሮፕላን ውስጥ ያለው የአየር ግፊት እስከ 2,400 ሜትር የሚደርስ ከፍታ ላይ እንደሚኖረው ያህል ዝቅ ይላል። ሰውነት ውስጥ የታሰረ አየር ያን ጊዜ በሲሶ ገደማ ይለጠጣል። ትናንት የተሰፋ አንጀት ይህን አይወደውም። ከሁሉ የምፈራው ግን የሬቲና (ከዓይን ጀርባ ያለው ስስ ሽፋን) ኦፕራሲዮን ተደርጎላቸው ዓይናቸው ውስጥ ጋዝ ለተሞላላቸው ነው። ጋዙ እስኪጠፋ ድረስ፣ እንደ ዓይነቱ ከሁለት ሳምንት ጀምሮ ወራት ድረስ፣ በረራ ጨርሶ ክልክል ነው። ጋዙ ተለጥጦ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። ለእነሱ ወደብ ማለት በምድር የሚደረስበት ብቻ ነው፤ መንገዱ ከፍ ያለ ተራራ የሚያቋርጥ ከሆነ እሱንም የዓይን ሐኪማቸውን ሳይጠይቁ አይነሱ።

ጥያቄ፦ ቁስሌ ሊድን ምንም አልቀረውም። መርከቡ ላይ ገንዳ ውስጥ ብገባስ?

መልስ፦ ጨርሶ ሳይደፈንና ሐኪምህ ሳይፈቅድልህ አይሆንም፤ የሞቀው ገንዳም ያው ገንዳ ነው።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እናቴ ጉልበቷን ካስቀየረች አምስት ሳምንቷ ነው። አሥራ አንድ ሰዓት በርረን በገባንበት ቀን በቀጥታ መርከቡ ላይ እንወጣለን። እንዳትሰቃይብኝ የእንቅልፍ ኪኒን ሰጥቻት መስኮት ጥግ ላስተኛት አስቤአለሁ። ሽንት ቤት መመላለሱ ስለሚከብዳት ውሃም አታበዛም። ምን ልጨምርላት?

መልስ፦ ልጄ፣ ምንም አትጨምሪ። ይልቅስ ካሰብሽው ውስጥ የምናወጣው አለ። ለእናትሽ አዝነሽ እንደሆነ ይገባኛል። ግን ስልክ በደወለልኝ ቁጥር ይህንኑ የሚነግረኝ ሰው ስለማይጠፋ ዛሬ በደንብ ልናገረው።

በእግር ያለው ደም ወደ ልብ የሚመለሰው ሽቅብ ነው። ሽቅብ የሚገፋው ደግሞ የባት ጡንቻ ነው፤ ስንራመድ ይጨመቃል፣ ስንቀመጥ ሥራ ይፈታል። ኦፕራሲዮን ሲደረግ ሰውነት ደም እንዳይፈስ ብሎ ደሙን ለመርጋት ያዘጋጀዋል፣ የተነካው እግርም ያብጣል። ስለዚህ ጉልበት ወይም ዳሌ የተቀየረለት ሰው ደሙ የመርጋት አደጋው እስከ 3 ወር ድረስ ከፍ ብሎ ይቆያል። በዚህ ላይ ጉዞውን ጨምሪበት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ጥናት፣ ጤነኛ ሰው እንኳ 4 ሰዓትና ከዚያ በላይ ተቀምጦ ሲጓዝ ደሙ የመርጋት ዕድሉ በእጥፍ ገደማ ይጨምራል። አውሮፕላን ብቻ አይደለም፤ መኪናም፣ አውቶቡስም፣ ባቡርም ያው ነው። ባት ውስጥ የረጋው ደም ተቆርሶ ሳንባ ከገባ ሰው ሊሞት ይችላል። ይህን የምለው ላስፈራራሽ ነው፤ አዎ፣ ፍሪ።

አሁን ያቀድሽውን ተመልከቺ። የእንቅልፍ ኪኒን ስትውጥ እግሯን ሳታንቀሳቅስ፣ ምናልባት እንደታጠፈ፣ ሰዓታት ታሳልፋለች። ከኦፕራሲዮኑ የተረፈ ጠንካራ ማስታገሻ እየወሰደች ከሆነ ደግሞ ሁለቱ ተደራርበው ትንፋሽ ያዳክማሉ። መስኮት ጥግ የተቀመጠ ሰው ለመነሳት ሁለት ሰው ማስነሳት አለበት፤ እናቶቻችን ደግሞ ሰው ከማስቸገር መታመምን ይመርጣሉ። ውሃውስ? ሽንቷ ሲመጣ አይደል እንዴ የምትነሳው? ውሃ ስትከለክያት የምትነሳበትን ምክንያት ነው የወሰድሽባት። ‘አስፕሪን ልስጣት’ ልትዪኝ ከሆነም ተዪው። የደም ማቅጠኛ ታዝዞላት ሊሆን ይችላል፤ በላዩ አስፕሪን ከተጨመረ ደም መፍሰስ ይመጣል። ያዘዘላት ሐኪም ሳያውቅ የሚጨመር ኪኒን የለም።

ታዲያ ምን ታድርጊ? በመጀመሪያ ቀኑን አራዝሚ። ጉልበትና ዳሌ ለተቀየረለት ሰው ረጅም በረራ ከ3 ወር በፊት የማይመክሩ ሐኪሞች ብዙ ነን። ቀኑ የማይንቀሳቀስ ከሆነ ወደቡን አንቀሳቅሺ፤ በምድር የሚደረስበት ቅርብ ወደብ ፈልጊ፣ በየሰዓቱ ቁሙና ትውረድ። ቅርብ ወደብ ከጠፋና ሐኪሟ በረራውን ከፈቀደ መተላለፊያው ዳር ያለ ወንበር ያዢላት። ዋዜማውን ግቡና ወደቡ አጠገብ እደሩ። ተቀምጣ ሳለ የእግር ጣቶቿን ወደ ራሷ ሳብ፣ ወደ ፊት ገፋ ታድርግ፤ አሥር ጊዜ፣ ከዚያ እረፍት፣ ከዚያ እንደገና። የሚያጠብቅ ካልሲም በልኳ ተለክቶ ይገዛ። ቁጥሩ የጠበበ ካልሲ ጉልበት ሥር ተጠቅልሎ እግሩን እንደ ገመድ ሲያስር አይቻለሁ። ይህን ሁሉ ከመጀመርሽ በፊት ደግሞ ጉልበቷን የሠራላትን ሐኪም ጠይቂ። እኔ እግሯን አላየሁትም።

ጥያቄ፦ የመርከቡ መነሻ ‘ሮም’ ይላል። ሮም ሆቴል ይዣለሁ፣ ጠዋት በእግሬ ወደቡ እደርሳለሁ አይደል? የተሰበረ ቁርጭምጭሚቴ በብሎን ከታሰረ ሁለት ወሩ ነው።

መልስ፦ በእግርህ ከሆነስ ቁርጭምጭሚትህን ሁለተኛ ማሰር ሊኖርብን ነው። ሮም የባሕር ወደብ የላትም። መርከቦቹ የሚነሱት ከቺቪታቬኪያ ነው፣ ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። የመርከብ ኩባንያዎች ወደቡን በታዋቂው ከተማ ስም መጥራት ይወዳሉ። ‘ለንደን’ ብለው ሳውዝሃምፕተን ይወስዱሃል፣ ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ‘ፓሪስ’ ሲሉ ለ አቭር ነው፣ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ። ‘በርሊን’ ሲሉ ቫርነሙንደ፣ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ። በአንጻሩ የፎርት ላውደርዴል ወደብና አውሮፕላን ማረፊያው ጎረቤት ናቸው። ቫንኩቨርም ከአውሮፕላን ማረፊያው በከተማ ባቡር ተነስተህ መርከቡ አጠገብ ትወርዳለህ። ለሚያነክስ ሰው ይህ ከመርከቡ ኮከብ ይበልጣል። ቲኬት ከመቁረጥህ በፊት የወደቡን ትክክለኛ ስም ፈልግና ካርታ ላይ ለካው። ያቺ ጥያቄዬ መጣች፤ ስንት ሰዓት ትቀመጣለህ?

ጥያቄ፦ የሄርኒያ (አንጀት በሳሳ የሆድ ግድግዳ ሲወጣ) ኦፕራሲዮን ካደረግሁ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ወደ ሜዲትራኒያን ለመሄድ ከሳውዝሃምፕተን ብነሳ በረራ ይቀርልኛል። ባርሴሎና ግን የአጭር ጊዜ በረራ ነው። በረራ የሚያስቀረው አይሻልም?

መልስ፦ ሁልጊዜ አይደለም። ከሳውዝሃምፕተን ወደ ሜዲትራኒያን የሚሄድ መርከብ ከፈረንሳይና ከስፔን ዳር ያለውን የቢስኬይን ባሕረ ሰላጤ ያቋርጣል፣ እዚያ ደግሞ በተለይ በአውሮፓ የብርድ ወራት ማዕበሉ ይከፋል። መርከብ ሲያናውጥህ ታስመልሳለህ፤ ስታስመልስ ሆድህ በሙሉ ኃይሉ ይጨመቃል፤ ስፌቱ ገና አልጠነከረም። የሁለት ሰዓት በረራ ለሦስት ሳምንት ሄርኒያ ብዙ ጊዜ አያስቸግርም፣ አንድ ሌሊት ሙሉ ማስመለስ ግን ያስቸግራል። ከባርሴሎና ብትነሳ ይህ ይቀርልሃል። የትም ሆነ የት ክፍልህ ከመርከቡ መሃልና ከታችኛዎቹ ፎቆች ይሁን፣ ንቅናቄው እዚያ ይቀንሳል። ሻንጣውንስ ማን ያነሳል? አንተ አይደለህም።

ጥያቄ፦ ከሦስት ሳምንት በፊት ደረቴ ተከፍቶ ነበር፣ አሁን ደህና ነኝ። ቅጹ ላይ ቀዶ ሕክምና አድርገሃል ወይ ቢሉኝና ‘የለም’ ብልስ? ካልሆነ ይከለክሉኛል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ የምትዋሸው ለማን ነው? መርከብ ላይ ሐኪምና ነርስ አለ፤ ኤክስሬይና ጥቂት የደም ምርመራም ይኖራል። ደረት የሚከፍት ቡድንና የደም ባንክ ግን የለም። ሄሊኮፕተርም የሚደርስበት ርቀት የተወሰነ ነው። ከሳውዝሃምፕተን ኒውዮርክ በተለምዶ 7 ሌሊት ይፈጃል፣ መሃል ላይ ያለው ውሃ ብቻ ነው። የዋሸህ ጊዜ ኢንሹራንሱም ‘አልነገርከንም’ ብሎ ሊተውህ ይችላል፤ ከመርከብ አውጥቶ ሆስፒታል የማድረሻው ወጪ ደግሞ ቤት ያሸጣል። እውነቱን ጻፍ፣ መጓዝ እንደምትችል የሚገልጽ ደብዳቤ ከልብ ሐኪምህ ተቀበል። ደብዳቤውን ካልሰጠህ መልስህን አግኝተሃል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ መድኃኒቶቼን በትልቁ ሻንጣ ልክተታቸው?

መልስ፦ በፍጹም! ወደቡ ላይ ትልቁን ሻንጣ ተሸካሚ ይቀበልሃል፣ ክፍልህ ደጃፍ የሚደርሰው ከሰዓታት በኋላ ነው፤ አንዳንዴ ማታ። የስምንት ሰዓቱ ኪኒን ሻንጣ አይጠብቅም። ከነማሸጊያውና ከነማዘዣው በእጅህ ያዘው። ኮዴንና ትራማዶልን የመሰሉ ማስታገሻዎች አንዳንድ አገር ቁጥጥር አለባቸው። መነሻህ ዱባይ ወይም አቡ ዳቢ ከሆነ ቅድመ ፈቃድ ሊያስፈልግህ ስለሚችል ሳትበር አጣራ።

ጥያቄ፦ የስፌት ማውጫ ቀጠሮዬና መርከቡ ከሲያትል የሚነሳበት ቀን አንድ ሆነብኝ። መርከቡን አላስካ ላይ ብደርስበትስ?

መልስ፦ አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. በ1886 የወጣ የአሜሪካ ሕግ አለ፤ የውጭ አገር ባንዲራ ያለው መርከብ መንገደኛን ከአንድ የአሜሪካ ወደብ አሳፍሮ ሌላ የአሜሪካ ወደብ እንዳያወርድ ይገድባል። አላስካ ባለችው ጁኖ ተሳፍረህ ሲያትል ብትወርድ እዚህ ውስጥ ትገባለህ፣ ኩባንያውም ሊከለክልህ ይችላል። ቀጠሮውን አስቀድመህ አስለውጥ። ስፌቱን ራስህ በመቀስ እንዳታወጣው፤ የሚያደርጉ ሰዎች ስላሉ ነው የምናገረው።

ጥያቄ፦ በክራንች ነው የምሄደው። ወደቡ ላይ ዊልቸር ብጠይቅ ያሳፍራል?

መልስ፦ ምን ያሳፍራል? ቀድማችሁ አስመዝግቡ እንጂ ወደቡ ደርሳችሁ አትለምኑ። መወጣጫ ድልድዩ ባሕሩ ከፍና ዝቅ ባለ ቁጥር ተዳፋቱ ይለዋወጣል፤ ጠዋት ቀላል የነበረው ማታ ቀጥ ሊል ይችላል። እንደ ሳንቶሪኒና ግራንድ ኬይማን ባሉ ቦታዎች ደግሞ መርከቡ ባሕር ላይ ቆሞ ሰው በትንንሽ ጀልባ ይወርዳል። በክራንች ከሚወዛወዝ ጀልባ ላይ መዝለል የለም፤ መርከቡ ላይ ቀርታችሁ ባሕሩን እዩ።

ጥያቄ፦ ነገ ጠዋት ነው የምሳፈረው። ዳሌዬ ከተቀየረ አንድ ወሩ ነው። ከትናንት ጀምሮ አንደኛው ባቴ አብጦ ይሞቀኛል፣ ስረግጥ ያመኛል። ወደቡ ቅርብ ስለሆነ ችግር የለውም አይደል?

መልስ፦ እናቴ፣ ወደቡን ይተዉት። አጠገብዎ ሰው አለ? አሁኑኑ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፣ የእግርዎ ደም ሥር በአልትራሳውንድ ይታይ። ባትዎን አይሹት፣ አያሳሹት። ትንፋሽ ካጠረዎት ወይም ደረትዎን ከወጋዎት አምቡላንስ ይጥሩ። በሉ፣ ስልኩን ይዝጉልኝ።