የምንሄድበት አዲስ ዓለም የለም

ክቡራትና ክቡራን፣ የሰው ልጅ ሥልጣኔ መጪዎቹን አሥርት ዓመታት ይሻገራል ወይ ተብዬ ነው የተጋበዝኩት። መልሴን ከዚሁ ከተማ ልጀምር።

አራት ኪሎ ቆማችሁ ቀና ስትሉ እንጦጦ ይታያል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ተቆርቁራ ብዙም ሳትቆይ በዙሪያዋ የነበረው ደን አለቀ። ማገዶ ጠፋ። ለዚህ የታወቀው መፍትሔ ነቅሎ ሌላ ቦታ መስፈር ነበር። ዐፄ ምኒልክም በስተምዕራብ፣ አዲስ ዓለም ላይ፣ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመሩ። ይህቺ ከተማ ልትፈታ ጥቂት ነበር የቀራት።

ያተረፋት ባሕር ዛፍ ነው። ቶሎ አደገ፤ ሲቆርጡት መልሶ አቆጠቆጠ። ሰው በየጓሮው ተከለው። የአዲስ ዓለሙ ቤተ መንግሥትም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ባሕር ዛፍ ግን ዕዳም አለበት፤ ውሃ ይጠጣል፣ ሌላ ተክል አያስጠጋም። አንድ ፈጠራ ብቻውን ያድነናል ሲሉኝ የምጠራጠረው ለዚህ ነው።

ዛሬም የገጠመን ያው ነው፤ ስፋቱ ግን ምድርን ያህላል። ከፋብሪካ ዘመን በፊት ከአንድ ሚሊዮን የአየር ቅንጣት 280ው ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበር። አሁን ከ420 አልፏል። ይህ ጋዝ ሙቀት አምቆ ይይዛል፤ ምድር ስትሞቅ ዝናቡም ይዛባል። ዝናቡ ሲዛባ ቀድሞ የሚጎዳው ሰማይ አይቶ የሚዘራው ገበሬ ነው፤ የብዙዎቻችን አባት፣ የብዙዎቻችን እናት። በሺዎች የሚቆጠር የኑክሌር መሣሪያም ተጠምዶ ተቀምጧል። ነቅለን የምንሄድበት አዲስ ዓለም ደግሞ የለም።

ታዲያ እንሻገራለን? እኔ እንችላለን ነው የምለው። ፈንጣጣን አስቡ። አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት ሚሳኤል ደግነው እየተፋጠጡ በዚህ በሽታ ላይ ግን አብረው ዘመቱ። መኪና በማይገባበት ገጠራችን ከታቢዎች በእግራቸው ሄዱ። በተፈጥሮ መንገድ የተያዘው የመጨረሻው ሰው የተገኘው በ1977 እ.ኤ.አ. ሶማሊያ ውስጥ ነው። እኛና ሶማሊያ የተዋጋንበት ዓመት ነው! በዚያ መሀል እንኳ በሽታው ተሸነፈ። ከመካከላችሁ በዕድሜ የገፋችሁ የክትባቱን ጠባሳ ክንዳችሁ ላይ ታገኙታላችሁ። የከተቡን ሰዎች እርስ በርስ መዋደድ አላስፈለጋቸውም።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ጊዜው ነው። የእንጦጦ ደን ሲያልቅ በዓይን ይታይ ነበር። የአየሩ አይታይም፤ ዛሬ የለቀቅነው ጭስ ለልጅ ልጆቻችን ይቆያል።

ሐምሌ ላይ ጽድና ወይራ ልተክል እንጦጦ እወጣለሁ። አብሮኝ የሚመጣ ካለ ስንወጣ በር ላይ ያግኘኝ። አመሰግናለሁ።