ተማሪ ይዞ ውጭ አገር ለሚሄድ መምህር፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (ከደሴ፣ ሆጤ)፦ የ11ኛ ክፍል መምህር ነኝ። 14 ተማሪዎችን ለትምህርታዊ ጉብኝት ናይሮቢ እወስዳለሁ። ፓስፖርታቸው ወጥቷል። ትኬት ሳልቆርጥ ምን ላጣራ?

መልስ፦ መምህር፣ ከስም ይጀምሩ። ከክፍል ስም መጥሪያ ገልብጠው ለትኬት ቢሮ እንዳይሰጡ። መሐመድ የሚለው ስም ብቻ በላቲን ፊደል አንዱ ሰነድ ላይ በአንድ «ኤም»፣ ሌላው ላይ በሁለት ተጽፎ ይገኛል፤ ትኬቱ ከፓስፖርቱ ካልገጠመ ልጁ ቦሌ ላይ ሊቀር ይችላል። ፓስፖርቱን ገልጠው ከፎቶው ግርጌ ያሉትን ሁለት መስመሮች ይመልከቱ። በላይኛው መስመር ከአገራችን ሦስት ፊደላት ቀጥሎ፣ ሁለት የቀስት ራስ ምልክቶች እስኪመጡ ድረስ ያለው እንደ ቤተሰብ ስም የተያዘው ነው፤ ከምልክቶቹ በኋላ ያለው የራስ ስም ነው። ማንኛውንም ፎርም በዚሁ አከፋፈል፣ ፊደል በፊደል ይሙሉ።

ቀጥሎ የልደት ቀን። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ለተወለደ ዓመቱ ላይ 7፣ ከታኅሣሥ 23 ወዲህ ለተወለደ 8 ይደመራል (ጳጉሜን 6 ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ባለው ዓመት ድንበሩ በአንድ ቀን ቀደም ይላል)። ጥር 10 ቀን 2002 የተወለደ ልጅ በፈረንጅ ጃንዋሪ 18 ቀን 2010 ነው። ለሁሉም 7 የሚደምር ሰው የጥሩን ልጅ በአንድ ዓመት ያስረጀዋል። ፎርም ላይ ግን የሚጻፈው ፓስፖርቱ ላይ ያለው ቀን ነው፤ ደግመው አያስሉ። ከልደት የምስክር ወረቀቱ ጋር ካልተስማማ አሁኑኑ ይታረም።

ሰዓቱን ደግሞ አደራ። ትኬቱ «ማክሰኞ 00:40» ካለ በእኛ ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ40 ነው። ማክሰኞ ማታ የመጣ ቤተሰብ አውሮፕላኑ ከሄደ ቀን ሊሆነው ነው። ልጆቹ ሰኞ ምሽት 3 ሰዓት ተኩል ላይ ቦሌ መገኘት አለባቸው። በመኪና ከሆነ ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ እሑድ ይነሡ። ለወላጆች በወረቀት ሲጽፉ ቀኑንም ሰዓቱንም በእኛ አቆጣጠር ያስቀምጡ።

የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም ይያዙ፤ የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ በመጨረሻው ሳምንት መከተብ አያድንም።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ጉዞው ጾም ላይ ዋለ። ከተማሪዎቼ ሙስሊሞችም አሉ። ለሚቀበሉን ሰዎች ምግቡን እንዴት ላስረዳ?

መልስ፦ «ሥጋ አይበሉም» ብቻ ካሉ እንቁላልና አይብ ያቀርባሉ፤ ልጁም ሳይበላ ይነሣል። ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ አይብና እንቁላል እያሉ አንድ በአንድ ይጻፉ፤ እነሱ የሚያውቁት ቃል «ቪጋን» ነው። ዓሣን የሚበላም የማይበላም ስላለ ልጆቹን ይጠይቁ። ለሙስሊም ተማሪዎች «ሐላል» ይበሉ፤ ከአሳማና ከአልኮል የነጻ መሆኑንም ይጨምሩ። የጾመኛ፣ የሐላል፣ የሁሉን በሊታ ቁጥር ለየብቻ ይላክ፤ ወጥ ቤት የሚሠራው በቁጥር ነው።

ጥያቄ (ከደሴ፣ አንዲት እናት)፦ ልጄ ከትምህርት ቤቷ ጋር ጀርመን ትሄዳለች። ቅቤና ቋንጣ ልቋጥርላት?

መልስ፦ እናታችን፣ አይሆንም። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከእኛ አገር ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ መግባትን ይከለክላሉ፤ ጉምሩክ ካገኘው ይወረሳል። በርበሬና ሽሮ ቅቤ ሳይነካቸው፣ በደንብ ታሽገው፣ ምን እንደሆኑ በእንግሊዝኛ ተጽፎባቸው በትልቁ ሻንጣ ይሂዱ። የስልክ ፓወር ባንክ ግን ትልቁ ሻንጣ ውስጥ አይገባም፤ በእጅ ቦርሳዋ ትያዘው።