«ውሃው ቀንሷል» በሏቸው
(ባሕር ዳር ላይ ለአስጎብኚነት ሠልጣኞች ምረቃ የተደረገ ንግግር)

እንደምን አመሻችሁ!

ክቡራን እንግዶች፣ አሠልጣኞች፣ በተለይ ደግሞ እናንተ ዛሬ ሥልጠናችሁን የጨረሳችሁ ልጆች፣ እንኳን ደስ አላችሁ።

አዘጋጆቹ ደውለው «ስለ እንግዳ አቀባበል ትንሽ በልልን» ሲሉኝ ሳቄ ነው የመጣው። እኔ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ጣናን ሰሌዳ ላይ ስስል ነው የኖርኩት። ባለፈው ሚያዝያ ግን ሦስት የድሮ ጓደኞቼን ለአንድ ቀን ላስጎበኝ ወጥቼ ጉዴ ፈላ።

የፔዳ፣ ማለትም የመምህራን ኮሌጁ ዘመን ጓደኞቼ ናቸው። እኛ ስንማር ፔዳና ፖሊ (ፖሊ ቴክኒኩ) ገና ለየብቻ ነበሩ፤ ተዋሕደው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የተባሉት በ1992 ዓ.ም. ነው። አንዱ ከአሜሪካ መጣ። ዶርም ውስጥ «ቀጮ» ነበር የምንለው፤ ዛሬ የባጃጅ የኋላ ወንበር ለብቻው አይበቃውም። አንዱ ከደሴ፣ አንዷ ደግሞ ከሐዋሳ። የሐዋሳዋ ገና ከመኪና ሳትወርድ «እስቲ ሐይቃችሁን አሳየኝ፣ ከእኛ ይበልጥ እንደሆነ» አለች። መምህርነቴ ተነሣብኝ። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፣ በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታው ግን 15 ሜትር ገደማ ነው አልኳት። «ትሪ ነው በለኛ!» አለች።

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ በጀልባ ተነሣን። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሣ ዘጌ በጠዋት ነው የሚኬደው፤ ይህን ለእናንተ መንገር የለብኝም። መንገዳችን ላይ ክብራን ገብርኤል አለ። ጀልባው ደሴቱን ሲጠጋ አራታችንም ለመውረድ ተነሣን። ባለጀልባው ዘወር ብሎ ጓደኛችንን «እትዬ፣ እርስዎ እዚሁ ይቆያሉ» አላት። ክብራን ሴት አይገባም። ይህን የባሕር ዳር ሰው ሁሉ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። መናገሩን ነው የረሳሁት። ስንመለስ ከባለጀልባው ጋር ቆሎ ትቆረጥማለች። «ቀድመህ ብትነግረኝ የጀመርኩትን ሹራብ ይዤ እመጣ ነበር» አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም። እሱ ነው የባሰው።

ዘጌ ስንደርስ ደግሞ የደሴው ወዳጄ ጉልበቱን ያመዋል። አንድ ጎረምሳ መጥቶ «ኡራ ኪዳነ ምሕረት አምስት ደቂቃ ነው» አለን። ልጆች፣ ያቺን አምስት ደቂቃ ታውቋታላችሁ አይደል? በቡናው ጫካ ሽቅብ ሽቅብ፣ ሃያ ደቂቃ ወሰደብን። ወዳጄ ሦስት ጊዜ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እሱ ሲቀመጥ እኔ አወራለሁ። ዘጌ ላይ በሬ ጠምዶ ማረስ ክልክል ነው፤ የዘጌን ገዳም ከመሠረቱት ከአቡነ በትረ ማርያም ጀምሮ የመጣ ሥርዓት ነው ይላሉ። ሰዉ የሚኖረው በቡናና በጌሾ ነው፤ ደኑም የተረፈው በዚሁ ነው። «ታዲያ እንዲህ እያልክ አስቀምጠኝ እንጂ!» አለ ጉልበቱን እያሻሸ።

ኡራ ውስጥ ግን አንድ ዲያቆን አስተማረኝ። የበላዔ ሰብን ሥዕል እያሳየ ያወራል። ሰባ ስምንት ሰው በልቶ፣ በመጨረሻ በእመቤታችን ስም ለተጠማ ሰው ውሃ ያጠጣው ሰውዬ ማለት ነው። «አንድ እፍኝ ውሃ» ሲል ዲያቆኑ መዳፉን ሰብስቦ ጎድጎድ አደረጋት። ቀጮን ዞር ብዬ ባየው ሳያውቀው የራሱንም መዳፍ እንደዚያው አድርጎ ቆሟል። ዲያቆኑ አልቸኮለም፣ አላጋነነም። የሚያውቀውን ብቻ ነው የተናገረው።

ምሳ አሳ ጥብስ በአዋዜ በላን። በምሳው የተነሣ ስሞታ የለም።

ከዚያ ወደ ጢስ ዓባይ። እዚህ ላይ ነው ኃጢአቴ። ቀጮን «ናና አገርህን እይ» ብዬ ፎቶ ልኬለት ነበር። ፎቶው የመስከረም ነው። የመጣው በሚያዝያ ነው። 30 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ሄደን፣ በእግር ወጥተን ስንደርስ ገደሉ ጥቁር ድንጋዩን አስጥቶ ቁጭ ብሏል። በአንድ በኩል ቀጭን ውሃ ትወርዳለች። ማንም አልተናገረም። አብሮን የነበረው አስጎብኚ «ዛሬ ትንሽ ቀንሷል» አለ። ዛሬ!

ቀጮ ቦርሳውን ከፈተና አንዲት የተጨማደደች የድሮ አንድ ብር አወጣ። ከአገር ሲወጣ ኪሱ ውስጥ የቀረች ናት። ጀርባዋ ላይ ጢስ ዓባይ አለ፣ ሙሉውን ገደል ሸፍኖ። ብሯን በሁለት ጣቱ ወደ ገደሉ ከፍ አድርጎ አንዴ ብሯን፣ አንዴ ድንጋዩን ያያል። የምገባበት ጠፋኝ።

እውነቱን ተናገርኩ። እዚህ የመጀመሪያው ኃይል ማመንጫ የተሠራው በ1950ዎቹ አጋማሽ ነው፤ ሁለተኛው በ1993 ተጨመረ። ሐይቁ መውጫ ላይ፣ ጨራ ጨራ በሚባለው ቦታ፣ ውሃው የሚመጠንበት ግድብ አለ። በ2002 ደግሞ የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ፤ ውሃውን ከጣና በ12 ኪሎ ሜትር ገደማ ዋሻ ወደ በለስ ወንዝ ይወስደዋል፣ አቅሙም 460 ሜጋ ዋት ነው። «ፏፏቴው አምፖል ውስጥ ገብቷል» አልኳቸው። ክረምቱ ሲበረታ ግን ነሐሴና መስከረም ላይ ገደሉ እንደገና ይጢሳል።

ልጆች፣ እዚያ ድንጋይ ላይ አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጥን። ይጠይቁኛል፣ እመልሳለሁ። የሐዋሳዋ የመብራት ሒሳቧን ሳይቀር አነሣች። ቀጮ ብቻ፣ «ይህን ፎቶውን ስትልክ ለምን አልነገርከኝም?» አለኝ።

«ብነግርህ ትቀራለህ ብዬ ነዋ።»

«ብትነግረኝ በመስከረም እመጣ ነበር።»

እናንተም እንግዳ ይቀርብናል ብላችሁ ትፈሩ ይሆናል። ስለ እምቦጭ አረም ሲጠይቋችሁ ወሬ አታስቀይሩ። በ2004 ገደማ ሐይቁ ላይ ታየ፣ ገበሬው ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቀለው፣ አሁንም አልለቀቀንም በሏቸው። ሽቅቡ ሃያ ደቂቃ ከሆነ ሃያ በሉ። ሴት የማይገባበትን ቦታ፣ ጀልባ ከመሳፈራችሁ በፊት ተናገሩ፤ ሹራብ የምትሠራ አትጠፋም።

ቀጮ ለመጪው መስከረም ትኬት ቆርጧል። ያቺን ብርም ይዟት ይመጣል። በዚህ ጊዜ እኔ አላስጎበኝም፣ ከእናንተ አንዱን እቀጥራለሁ። ዋጋውን ግን ከአዳራሹ ሳንወጣ እንነጋገር።

አመሰግናለሁ።