የጥለቱ ቀይ የት ሄደ?

ሰላም፣ እንደምን ከረማችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ እኔና ማይኩ ብቻ ነን። ጠረጴዛዬ ላይ ሦስት የቀለም ቲዩብ አለ። አንድ ብርጭቆ ውኃ አለ። ግድግዳውን ተደግፎ ደግሞ አንድ ሥዕል ቆሟል።

ሥዕሉን ከአራት ዓመት በፊት በአክሪሊክ ቀለም ነው የሣልኩት። አያቴ ናቸው። ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ፊታቸውን ትንሽ ወደ ጎን አዙረው። ነጠላው ቀይ ጥለት ነበረው። «ነበረው» የምለው አሁን ቀይ ስላልሆነ ነው። ብዙ ጊዜ የታጠበ ጨርቅ የመሰለ፣ ሮዝም ግራጫም የማይባል ነገር ሆኗል።

ሥዕሉን የሰጠሁት ለአክስቴ ነበር። ሳሎኗ ውስጥ፣ ከመስኮቱ ትይዩ ሰቀለችው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ እዚያ ግድግዳ ላይ ነው የምታርፈው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ደወለችልኝ። «ልጄ፣ የእማማ ጥለት ወየበ እኮ» አለችኝ። እኔ አቧራ መሰለኝ። «በደረቅ ጨርቅ ጥረጊው» አልኳት።

በሳምንቱ ሄጄ አየሁት። ቡኒው እንዳለ ነው። ሰማያዊው እንዳለ ነው። ቀዩ ብቻ ሄዷል። ሥዕሉን ከፍሬሙ ሳወጣው ግን፣ የፍሬሙ ጠርዝ ሸፍኖት የቆየው ቦታ ላይ የክር ያህል ቀጭን መስመር ቀርታለች። ደማቅ ቀይ። ልክ ያን ጊዜ እንደቀባሁት። ያችን መስመር ሳይ ሆዴ ባባ። አያቴ ዛሬ በሕይወት የሉም። ያ ጥለት የእሳቸው ነበር።

ቤት ስገባ የድሮ የቀለም ሳጥኔን ገለበጥኩት። ያ ቀይ ተገኘ። ገና ተማሪ እያለሁ የገዛሁት፣ 24 ቲዩብ በአንድ ሳጥን፣ ዋጋውም ደስ የሚል። ፊቱ ላይ «ክሪምሰን» ይላል። ጀርባውን ገለበጥኩ። ምንም የለም። ውስጡ ምን እንዳለ የሚናገር አንዲት ፊደል የለችም። ለዓመታት ቀለም ስገዛ ፊቱን እንጂ ጀርባውን አይቼ አላውቅም ነበር። እንግዲህ ዛሬ የማወራችሁ ስለ ጀርባው ነው።

አክሪሊክ ቀለም ምንድን ነው? ሁለት ነገር ነው። አንዱ ፒግመንት ነው፤ ደቃቅ የቀለም ዱቄት። ውኃ ውስጥ አይሟሟም፤ ይንሳፈፋል እንጂ። ሁለተኛው ዱቄቱን ሸራው ላይ ይዞ የሚያስቀረው ማጣበቂያ ነው። በዘይት ቀለም ይህ ማጣበቂያ የተልባ ዘይት ነው። በድሮው የእንቁላል ቀለም አስኳል ነው። በአክሪሊክ ደግሞ ፕላስቲክ ነው፤ በጣም ጥቃቅን ሆኖ ውኃ ውስጥ የተበተነ ፕላስቲክ። ዕድሜው አጭር ነው። በውኃ የሚበጠበጠው የሠዓሊዎች አክሪሊክ ገበያ ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1955 አካባቢ ነው። አሜሪካ ሲንሲናቲ ከተማ ሄንሪ ሌቪሰን የሚባል ሰው ሊኩይቴክስ ብሎ አወጣው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችን ዕድሜ ከለካነው የትናንት ልጅ ነው።

ያ በውኃ የተበተነ ፕላስቲክ እርጥብ ሆኖ ሲታይ ወተት ይመስላል። ሲደርቅ ግን እንደ መስታወት ይጠራል። አክሪሊክ ሲደርቅ የሚጠቁረው ለዚህ ነው። ወተቱ ሲጠፋ ፒግመንቱ ብቻውን ይቀራል። ጥቁር ፊት የሚሥል ሰው ይህን ካላወቀ ይቸገራል። እርጥቡን አይቶ «ልክ መጣልኝ» ይላል፤ ጠዋት ሲነሣ ፊቱ ጠቁሮ ያገኘዋል። እኔ አሁን ትንሽ ወረቀት ላይ ቀብቼ፣ አድርቄ፣ አጠገቡ አስተያይቼ ነው ወደ ሸራው የምሄደው።

ወደ ጀርባው እንመለስ። ጥሩ አምራች ቲዩቡ ላይ ኮድ ይጽፋል። ኮዱ በፒ ይጀምራል፤ ፒግመንት ማለት ነው። ቀጥሎ የቀለሙ ፊደል ይመጣል። አር ቀይ፣ ቢ ሰማያዊ፣ ቢ አር ቡኒ፣ ዋይ ቢጫ፣ ቪ ሐምራዊ፣ ደብሊው ነጭ። ከዚያ ቁጥር። ፒ ቢ 29 ካለ አልትራማሪን ነው፤ የትኛውም አገር ይመረት፣ ስሙን ምንም ይበሉት። ፒ ደብሊው 6 ቲታኒየም ነጭ ነው። ፒ አር 108 ካድሚየም ቀይ ነው። ስም ለገበያ ነው፤ ኮዱ መታወቂያው ነው። «ክሪምሰን» የሚለው ቃል ግን ምንም ዓይነት ቀይ ሊሆን ይችላል።

ከኮዱ አጠገብ ብርሃን የመቋቋም ደረጃ አለ። ኤ.ኤስ.ቲ.ኤም. በሚባለው መለኪያ 1 እጅግ ጥሩ ነው፤ 2 ጥሩ ነው። 3 ከሆነ ለግድግዳ ሥዕል አትመኑት። አሊዛሪን የሚባለውን ታዋቂ ጥቁር ቀይ ውሰዱ፤ ኮዱ ፒ አር 83 ነው። ድሮ ከተክል ሥር ነበር የሚገኘው። ጀርመናውያኑ ግሬበና ሊበርማን እ.ኤ.አ. በ1868 በላቦራቶሪ ሠሩት። ሲያዩት ልብ ይሰርቃል። ደረጃው ግን 3 ነው፤ ብርሃን ይበላዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላርም፤ እኔም ለብዙ ጊዜ ተሳስቼበት ስለነበር። ቲዩብ ላይ «ሂው» የሚል ቃል ካያችሁ፣ የተባለው ፒግመንት ውስጡ የለም፣ መልኩን ነው የሠሩት ማለት ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ «ፎርጅድ ነው» ይላል። ሁልጊዜ አይደለም። የካድሚየም ሂው ብዙ ጊዜ ዋጋ ለመቀነስ የሚሠራ ነው። የአሊዛሪን ሂው ግን ደህና ፒግመንት ገብቶበት ከሆነ ከዋናው ይበልጣል፤ አይወይብማ! ስለዚህ ሂው ሲል አትሽሹ። ገልብጡና ኮዱን አንብቡ።

አርቲስት ግሬድና የተማሪ የሚባለው ልዩነትም እዚሁ ላይ ነው። አርቲስት ግሬዱ ውስጥ ፒግመንቱ ብዙ ነው። በተማሪው ውስጥ ፒግመንቱ ይቀንሳል፤ እንደ ኖራ ድንጋይ ዱቄት ያለ መሙያ ይገባበታል። ውኃ የበዛበት ሽሮ በሉት። ለልምምድ ምንም አይልም፤ እኔም በእሱ ነው የተማርኩት። ሁለት ሦስት ቀለም ስትቀላቅሉበት ግን ቶሎ ይደፈርሳል። ደግሞ ዋጋ ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ። በአንድ ብራንድ ውስጥ እንኳን አንዱ ቲዩብ ከሌላው እጥፍ ሊሆን ይችላል። ፒግመንቱ ስለሚወደድ ነው። የአፈር ቀለሞች ርካሽ ናቸው፤ ከብርሃን ጋር ደግሞ ከእነሱ የሚጸና ጥቂት ነው።

አዲስ አበባ ያላችሁ፣ ችግሩን አውቀዋለሁ። ጥሩ ቀለም ውድ ነው፤ ሲገኝም ሁሉም አይገኝም። ብዙዎቻችን ከውጭ በሚመጣ ሰው ሻንጣ ነው የምናስመጣው። እኔ ድሮ ለወንድሜ «ጥሩ ቀለም ላክልኝ» እል ነበር። ምኑን ይወቀው? ያገኘውን ትልቅ ሳጥን ገዝቶ ይልካል። አሁን ኮድ ነው የምልክለት። አምስት ቲዩብ ብቻ፦ ቲታኒየም ነጭ ፒ ደብሊው 6፣ አልትራማሪን ፒ ቢ 29፣ የሎው ኦከር ፒ ዋይ 43፣ በርንት አምበር ፒ ቢ አር 7፣ ኩዊናክሪዶን ቀይ ፒ ቪ 19። የመጨረሻው «ቪ» ስላለው ሐምራዊ እንዳይመስላችሁ፤ በቀይም በሐምራዊም መልክ ይመጣል፣ ቀዩን ነው የምፈልገው። በእነዚህ አምስት ቀለሞች የቤተሰቤን ሁሉ ፊት ሥዬአለሁ። ከሃያ አራቱ ሳጥን ይልቅ እነዚህ አምስቱ ብዙ አስተምረውኛል።

አሁን ስለ ብርድ። ከሁለት ዓመት በፊት ህዳር ላይ፣ ማታ በረንዳ ላይ አንድ ሸራ በወፍራሙ ቀባሁና እዚያው ትቼው ተኛሁ። ጠዋት ስነካው የደረቀ ይመስላል፤ ግን በጥፍሬ ጫር ሳደርገው እንደ ዱቄት ተነሣ። ቀለሙን ረገምኩት። ቀለሙ ግን ጥፋት አልነበረበትም።

አያቴ እርጎ ሲንጡ አያለሁ እንግዲህ በልጅነቴ። ብርድ የሆነ ቀን ቅቤው አይሰበሰብም። ጥቃቅን ሆኖ ተበትኖ ይቀራል። ያን ጊዜ ቅሉን እሳት ዳር ያስጠጉታል፤ ትንሽ ሲሞቅ ቅቤው እርስ በርሱ ይያያዛል። አክሪሊክም እንዲሁ ነው። ውኃው ሲተን ጥቃቅኖቹ ፕላስቲኮች ተጠጋግተው አንድ ቆዳ መሆን አለባቸው። ለዚያ ሙቀት ይፈልጋሉ። አምራቾች ከ9 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች አትቀቡ የሚሉት ለዚህ ነው። የአዲስ አበባ የህዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ ከዚያ በታች ይወርዳል። ውኃው ይተናል፤ ፕላስቲኩ ግን አይያያዝም። ስለዚህ በብርድ ወቅት ቀን ሥሩ፤ ሥዕሉንም ቤት አስገቡት።

ሚዲየምስ? ሚዲየም ማለት ለእኔ ቀለም የሌለው ቀለም ነው። ያው ወተት መሳዩ ፕላስቲክ፣ ፒግመንቱ ብቻ የቀረበት። ቀለሙን በውኃ ስታቀጥኑት ማጣበቂያውንም ታቀጥናላችሁ። ወረቀት ወይም ጄሶ (ከሥዕሉ በፊት ሸራው ላይ የሚቀባው ነጭ መሠረት) የተቀባ፣ ውኃ የሚመጥ ሸራ ከሆነ ብዙ አያስጨንቅም። ለስላሳና የማይመጥ ነገር ላይ ግን ይላጣል። በሚዲየም ስታቀጥኑት ቀለሙ ይሳሳል እንጂ አያያዙ አይላላም።

በ1970 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የተወለደችው ሠዓሊ ጁሊ ምሕረቱ በትልልቅ ሸራዎቿ ላይ ይህን እስከ ጥጉ ወስዳዋለች። በቀለምና በመስመር ትሠራለች፤ በላዩ ጥርት ያለ አክሪሊክ ታለብሰዋለች፤ በብርጭቆ ወረቀት ታለሰልሰዋለች፤ እንደገና በላዩ ትሠራለች። የታችኛው መስመር በላይኛው ውስጥ ይታያል፤ ጥልቅ ውኃ ውስጥ እንደሚታይ ነገር።

የቀለሙን መድረቅ የሚያዘገየውን፣ ሪታርደር የሚሉትን፣ በጠብታ ተጠቀሙ። አዲስ አበባ በበጋ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ቀለሙ ፓሌቱ ላይ እያለ ይደርቅብኛል፤ ስለዚህ አንድ ቀን አብዝቼ ጨመርኩ። ሥዕሉ ለሳምንታት እጅ ላይ ይጣበቅ ነበር። ሪታርደር ማጣበቂያ የለውም፤ ሲበዛ ቀለሙ በደንብ አይደርቅም። የማያብረቀርቀው፣ ማት ሚዲየም የሚሉት ደግሞ ማደብዘዣ ዱቄት አለው፤ ደጋግማችሁ ከደራረባችሁት ጥቁሩ ላይ ጉም ይመስላል። ለስስ ድርብርብ አንጸባራቂውን ውሰዱ፤ ማብረቁን በመጨረሻ በቫርኒሽ ታስተካክሉታላችሁ።

ነጠላ እንዴት እንደሚሣል ላሳያችሁ። መጀመሪያ የሣልኩት በደረቁ ቲታኒየም ነጭ ነበር። የተለሰነ ግድግዳ መሰለ። ነጠላ እኮ ከሥሩ ያለውን ያሳያል! የአያቴ ጥቁር ቀሚስ በውስጡ ይታይ ነበር። አሁን ቀሚሱን ሙሉ በሙሉ ሥዬ አደርቃለሁ። ከዚያ አንድ እጅ ነጭ በአሥር እጅ ግሌዚንግ ሚዲየም፣ ለስስ ድርብርብ በሚሆነው፣ እበጠብጣለሁ። በሰፊ ለስላሳ ብሩሽ አንድ ጊዜ አሳልፋለሁ። እርጥቡ ወተት ይመስላል፤ አልነካውም። ሲደርቅ ይጠራና ጉም የመሰለ ስስ ነጭ ብቻ ይቀራል። ሁለተኛውን ጨርቁ በታጠፈበት ቦታ ብቻ፤ ሦስተኛውን ሦስት አራት እጥፍ በተደራረበበት፣ ትከሻቸው ላይ። ነጠላው በተደራረበ ቁጥር የሚነጣው በእውነትም እንዲሁ ነው። ይህን ስሠራ እጃቸው ነጠላውን ሲያስተካክል ትዝ ይለኛል።

ጥለቱ ቀርቷል። መስከረም ላይ አንድ ወረቀት ወስጄ አራት ቀይ መስመር ቀባሁ። አንዱ ያ የድሮው ክሪምሰን ነው። ሦስቱ እነዚህ ጠረጴዛዬ ላይ ያሉት ናቸው፤ ፒ አር 108፣ ፒ አር 254 እና ፒ ቪ 19። ግማሹን በወፍራም ካርቶን ሸፍኜ ወረቀቱን ከመስኮቱ መስታወት ጋር አጣበቅሁት። ሦስት ወር ሆነው። ዛሬ ጠዋት ካርቶኑን አነሣሁት። የድሮው ቀይ መሐሉ ላይ በቢላ የተቆረጠ ይመስላል፤ እዚህ ቀይ፣ እዚያ የገረጣ ሮዝ። ሦስቱ ላይ ግን የካርቶኑን ድንበር በዓይኔ ፈልጌ አጣሁት።

አያቴ ጥለት የሚወዱት ወደ ጥቁር ያዘነበለ ቀይ ነበር። ስለዚህ ፒ ቪ 19ኙን በትንሽ አልትራማሪን አጠቁረዋለሁ። ያችን ፍሬሙ ያዳናትን ቀጭን መስመር አልነካትም፤ ቀለሙን የማመሳስለው ከእሷ ጋር ነው። አክስቴ ትናንት ደውላ ነበር። «ለገና ይድረስ፤ ግድግዳዬ ባዶ ሆነ» አለችኝ። ከመስኮቱ ትይዩ እንዳትሰቅለው ነግሬያታለሁ። ሚስማሩን ወደ ጓዳው በር አዛውራዋለች። አሁን ማይኩን ላጥፋና ብርሃኑ ሳይሄድ ልጀምር።