የሐምሌ ዝናብ፣ ብስክሌትና የአዘዞ መንገድ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ የማወራችሁ ክረምት ከበጋ ስለምመላለስበት መንገድ ነው። ቤቴ ጎንደር፣ ፒያሳ አካባቢ ነው፣ ሥራዬ አዘዞ። በመካከላቸው ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ አለ፤ የምሄደው በብስክሌት ነው።

«ብስክሌት ለባሕር ዳር ነው እንጂ ለጎንደር ምን ይሠራል?» ይሉኛል። ባሕር ዳር ሜዳ ናት፣ እውነታቸውን ነው። ጎንደር ግን ከ2,100 ሜትር ከፍታ በላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ አዘዞ ከእርሷ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ጠዋት ቁልቁለት፣ ማታ ዳገት ነው። ክረምቱም ይህንኑ ያውቃል መሰለኝ፤ ጠዋት ጉምና ካፊያ ያደርግና ዶፉን ከሰዓት በኋላ ያወርደዋል። ስሄድ ብርዱ፣ ስመለስ ዳገቱና ዝናቡ አብረው ይቀበሉኛል።

ከሁለቱ የሚያስፈራው ቁልቁለቱ ነው። ዝናብ ላይ ፍሬን ሲያዝ ብስክሌቱ ወዲያው አይታዘዝም። ላስቲኩ መጀመሪያ ቸርኬው ላይ ያለውን ውኃ ይጠርጋል፤ መንከስ የሚጀምረው ጎማው አንድ ሁለቴ ከዞረ በኋላ ነው። ለዚህ ነው ኩርባው ገና ሩቅ ሳለ ፍሬኑን ነካ ነካ እያደረግሁ ቸርኬውን የማደርቀው። ደግሞ ሰው የሚፈራው ዶፉን ቢሆንም፣ ከዶፉ ይልቅ የመጀመሪያው ካፊያ የከፋ ነው። ከመኪና የተንጠባጠበው ዘይት ከውኃው ጋር ተደባልቆ አስፋልቱን ያንሸራትተዋል። ዶፉ ከጣለ በኋላ መንገዱ ታጥቦ ይሻላል።

ልብስን በተመለከተ ብዙ የምለው የለኝም። የዝናብ ልብስ፣ ቦቲ ጫማ፣ በፌስታል የተጠቀለለ ቅያሪ ሸሚዝና ደረቅ ካልሲ ካለ ይበቃል።

ይህን ስል ዝናቡን የማማርር እንዳይመስላችሁ። እኔ የደንቢያ ገበሬ ልጅ ነኝ። እኛ ቤት ዝናብን ክፉ የሚናገር ሰው አልነበረም፤ ሲቀር እንጂ ሲመጣ አይማረርበትም። ባለፈው ሐምሌ አንድ ማታ ዳገቱን ጀምሬ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ያዘኝና ከአንድ ሱቅ በረንዳ ተጠለልሁ። ውኃው ባንገቴ ገብቶ በጀርባዬ ይወርዳል፣ ጣቶቼ መሪውን ጨብጠው ደንዝዘዋል። ስልኬ ጮኸ፤ እናቴ ናት፣ ከቆላድባ።

«ልጄ፣ እናንተ ዘንድስ ጣለ?»

«ኧረ ጥሏል እማዬ፣ በረዶም አለው።»

«ተመስገን! እኛም ዘንድ መሬቱ ጠግቧል፣ ጤፉን ልንዘራ ነው። በረዶውን ብቻ እርሱ ይያዝልን።»

ድምጿ ውስጥ የነበረውን ደስታ ብትሰሙት! እኔን ያበሰበሰኝ ዝናብ ለእርሷ የዓመት ቀለብ ነው። «በስብሻለሁ» ለማለት አፌ አልታዘዘም፤ እኔም «ተመስገን» አልሁ፣ ከልቤ።

ስለዚህ ቅሬታዬ ከሰማይ ጋር ሳይሆን ከምድር ጋር ነው። ዝናቡ የፈጣሪ ነው፤ ቦዩን የደፈነው ፌስታልና የፕላስቲክ ጠርሙስ ግን የእኛ ነው። ውኃው መሄጃ ሲያጣ አስፋልቱ ላይ ይተኛል፣ ጉድጓዱንም ይሸፍነዋል። መኪና የሚጓዘው ውኃውን እየሰነጠቀ ነው፤ ብስክሌተኛ ግን ከሥሩ ምን እንዳለ ሳያይ መግባት የለበትም። ወደ መሐል ልውጣ ሲል ደግሞ ከኋላ ባጃጅ አለ። ባለባጃጅ ወንድሞቼ፣ እንጀራችሁ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን እባካችሁ ኩሬው አጠገብ ፍጥነት ቀንሱ። የምትረጩት ጭቃ የሚያርፈው ሥራ ገብቶ ቀኑን ሙሉ ከሰው ፊት የሚቆም ሰው ላይ ነው፤ ከትምህርት ቤት በእግሯ የምትመለስ ልጅ ደብተር ላይም ያርፋል።

አንዳንዱ ደግሞ በዝናብ ብስክሌት ስነዳ አይቶ ከንፈሩን ይመጥልኛል፣ የቸገረኝ መስሎት። በ1949 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትሳተፍ፣ ሜልቦርን ላይ አገራቸውን ወክለው ከተሰለፉት መካከል ብስክሌተኞች ነበሩበት። በአገራችን ብስክሌት እንዲህ ያለ ክብር አለው፤ ከንፈር የሚመጠጥበት ነገር አይደለም።

አሠሪዎችንም አንድ ነገር ልለምን። ብስክሌት የሚያሳድር አንዲት የቆርቆሮ ጣሪያና ልብስ የሚቀየርባት ጠባብ ክፍል ብታዘጋጁ፣ በክረምት ብስክሌቱን ቤቱ ጥሎ የሚመጣው ሠራተኛ ይዞት ይወጣል። ጣሪያው ሰንሰለቱን ከዝገት ያድነዋል፤ ክፍሏ ሰውየውን ከጉንፋን። ይህን ያደረገ መሥሪያ ቤት የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ በሚቀጥለው ዝግጅት በስሙ ጠርቼ አመሰግነዋለሁ። ሰላም ቆዩኝ።