ኮርኒሱ ላይ የመጣው ቢጫ ክብ

እሷ፦ ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ! ዛሬ የምናወራው ስለ ጣሪያ ነው። በተለይ ሚኒሶታ ቤት ገዝታችሁ የመጀመሪያውን ዊንተር የምትጠብቁ፣ እባካችሁ እስከ መጨረሻው ስሙን። ከራሴ ቤት ልጀምር?

እሱ፦ ጀምሪ፣ እሱ ይሻላል።

እሷ፦ ፌብሯሪ 2023 ነው። ያ ዊንተር ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል ላይ ከ90 ኢንች በላይ ስኖው የጣለበት ነው። ከ2 ሜትር በላይ ማለት ነው! ጠዋት ልጄን ልቀሰቅስ ገባሁ። ቀና ስል ኮርኒሱ ላይ ሻይ የተደፋበት የመሰለ ቢጫ ክብ አለ። ወንበር ላይ ወጥቼ ነካሁት። ርጥብ ነው።

እሱ፦ ዝናብ የለ፣ ምን የለ።

እሷ፦ ምንም! ውጪው ድርቅ ያለ ብርድ ነው። እኔ ደግሞ ያደግኩት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው። እኔ የማውቀው ጣሪያ የሚያፈሰው ሐምሌና ነሐሴ ነው። ባልዲ ታስቀምጣለህ፣ ዝናቡ ሲያባራ ሚስማሩ የላላበትን ፈልገህ ትመታለህ፣ አለቀ። በደረቅ ቀን ውሃ ከየት ይመጣል?

እሱ፦ ከራስሽ ቤት ሙቀት ነዋ። ቆርቆሮ ላይ ዝናቡ ወርዶ ይሄዳል። ስኖው ግን ጣሪያው ላይ ተኝቶ ይከርማል፣ ልዩነቱ እሱ ነው። ማሞቂያውን ከፍተሽ ስታድሪ ሙቀቱ ወደ ላይ ይወጣና አቲክ ውስጥ፣ ከኮርኒሱ በላይ ከጣሪያው በታች ያለው ባዶ ቦታ ውስጥ፣ ይገባል። በኮርኒስ መብራቱ ቀዳዳ፣ በጭስ ማውጫው ዙሪያ፣ በአቲኩ ክዳን ጠርዝ፣ ብቻ ክፍተት ባገኘበት ሁሉ። ጣሪያውን ከሥር ያሞቀዋል፣ ስኖው ይቀልጣል፣ ውሃው ቁልቁል ይወርዳል። የጣሪያው ጠርዝ ግን ከግድግዳው ወጣ ያለ ስለሆነ ከሥሩ የሚያሞቀው የለም። ውሃው እዚያ ሲደርስ ረግቶ በረዶ ይሆናል። በማግስቱ ሌላ ይጨመርበታል፣ በማግስቱ ሌላ። አይስ ዳም የሚሉት ይሄ ነው፣ የበረዶ ግድብ። ከግድቡ ኋላ ውሃ ይጠራቀማል። ሺንግል፣ ጣሪያው ላይ የሚነጠፈው ልባስ፣ ደግሞ እንደ ዓሣ ቅርፊት ነው የሚደራረበው። ቁልቁል የሚወርድ ውሃ ያንሸራትታል እንጂ ሽቅብ የሚገፋውን አይችልም፣ በሥሩ ይገባል።

እሷ፦ ሺንግሉ አዲስ ቢሆንም?

እሱ፦ ትናንት የተሠራ ቢሆንም።

እሷ፦ ይሄንን ያኔ የሚነግረኝ ባገኝ! አንድ ሩፈር፣ ጣሪያ ሠሪ፣ በር አንኳኩቶ መጣ። መሰላሉን ተክሎ ወጣ፣ በስልኩ ፎቶ አነሳ፣ «ሺንግልሽ አልቋል» አለኝ። ጠርዙ አካባቢ ያለውን ቀየረ፣ ብሩን ተቀበለና ሄደ። ቀጣዩ ዊንተር ስኖው ብዙም ሳይጥል አለፈ፣ ምንም አላፈሰሰም። እሰይ ተገላገልኩ ብዬ ሰውየውን ለዕድር ሰው ሁሉ እጠቁም ነበር። ስኖው ሲመለስ ክቡም እዚያው ቦታ ተመለሰ። ከገንዘቡ ይልቅ ያንን ስልክ ቁጥር ለሰው መስጠቴ ነው የቆጨኝ።

እሱ፦ ከዚያ የጠራሽው ሁለተኛው ሩፈርስ ምን አደረገ?

እሷ፦ ገና ከመኪናው ሳይርቅ «የአቲክ መውጫሽ የት ነው?» አለኝ። ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። ወጣ፣ ባትሪ አበራና «ነይ እይው» ብሎ ጠራኝ። ከጣሪያው እንጨት ወደ ውስጥ የወጡት የሚስማር ጫፎች በሙሉ አመዳይ ለብሰው ነጭ ሆነዋል። የሻወር ቤቱ ፋን ቱቦ ወልቆ ኢንሱሌሽኑ፣ ሙቀት እንዳያመልጥ የሚነጠፈው ነገር፣ ላይ ተጋድሟል። ገላችንን በታጠብን ቁጥር እንፋሎቱን እዚያ ስንለቀው ኖረናል ማለት ነው። አየሩ ለዘብ ሲል አመዳዩ ይቀልጥና ኮርኒስ ላይ ይንጠባጠባል። ኢንሱሌሽኑ ራሱ ስስ ነበር።

እሱ፦ ለዚህ ነው ሰው ሩፈር ጠቁመኝ ሲለኝ «ዋጋው ስንት ነው» ሳይሆን «አቲክ ገብቷል ወይ» ብዬ የምጠይቀው። እኔ ጣሪያ ላይ የሠራሁ ሰው ነኝ። አቲክ ሳይገባ ዋጋ የሚነግርሽ ሰው ግማሹን ቤት አላየም።

እሷ፦ ምን ይታዘዝ እንግዲህ?

እሱ፦ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ሙቀት የሚያሾልከው ቀዳዳ ይደፈናል፣ የፋኑ ቱቦ ወደ ውጪ ይወጣል። ኢንሱሌሽን የሚጨመረው ከዚያ በኋላ ነው። እዚህ ለአዲስ ቤት የግንባታ ኮዱ አር 49 ይላል፣ አር ማለት ኢንሱሌሽኑ ሙቀት የመያዝ አቅሙ የሚለካበት ነው። ስትጨምሪ ደግሞ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ያሉት የአየር ማስገቢያዎች እንዳይታፈኑ። ጣሪያው ሙሉ በሙሉ የሚቀየር ከሆነ ከሺንግሉ ሥር፣ ጠርዙ ላይ የሚለጠፍ ውሃ የማያሳልፍ ሽፋን አለ፣ አይስ ኤንድ ዋተር የሚሉት። በኮዱ መሠረት ከውጪው ግድግዳ መስመር ቢያንስ 24 ኢንች ወደ ውስጥ መዝለቅ አለበት። ጥቅሉ 36 ኢንች ነው ስፋቱ። ጠርዙ ረዘም ላለ ቤት አንድ ረድፍ አይበቃም። «ስንት ረድፍ ታደርጋለህ?» በይው፣ መልሱን ውሉ ላይ ይጻፈው። ጭስ ማውጫው ዙሪያ ያለውን ቆርቆሮም ጠይቂ፣ አሮጌውን መልሶ ሊጠቀም ነው ወይስ አዲስ ሊያስገባ?

እሷ፦ ላይሰንስስ፣ የሥራ ፈቃዱ?

እሱ፦ ሚኒሶታ ውስጥ የመኖሪያ ቤት ሩፈር የስቴቱ የሠራተኛና ኢንዱስትሪ መሥሪያ ቤት ላይሰንስ ሊኖረው ይገባል። ቁጥሩን ተቀብለሽ ድረ ገጻቸው ላይ ፈልጊ፣ 5 ደቂቃ አይፈጅም። ላይሰንስ ያለው ሰው ቢያጭበረብርሽና ፍርድ ቤት ብትረቺው፣ ካሳ የሚጠየቅበት የስቴት ፈንድ አለ። ላይሰንስ በሌለው ሰው ግን ከዚያ ፈንድ ምንም አታገኚም።

እሷ፦ የሀገር ልጅ ነው ብለን በቃል ብቻ የምንስማማ አለን።

እሱ፦ የሀገር ልጅም ይፈርም! ጎበዝ ባለሙያ ከሆነ ውል አይፈራም። ሌላው ደግሞ፣ ሰመር ላይ የበረዶ ጠጠር የቀላቀለ ውሽንፍር ባለፈ ማግስት ሠፈሩን በር በበር የሚዞሩ አሉ። «ዲዳክቲብልሽን እኔ እችላለሁ» ይላሉ፣ ኢንሹራንሱ ከመክፈሉ በፊት ከራስሽ ኪስ የሚወጣውን ማለታቸው ነው። ይሄ እዚህ በሕግ የተከለከለ ነው። እንዲህ ያለሽን ሰው በሩን ዝጊበት። ሙሉውን ክፍያም በቅድሚያ አትስጪ። ሩፈሩ ሺንግሉን የሸጠለትን ሱቅ ካልከፈለ ሱቁ ቤትሽን ሊያስይዝብሽ ይችላል፣ አንቺ ከፍለሽ ጨርሰሽም። የመጨረሻውን ክፍያ ስትሰጪ ሊን ዌቨር፣ ቤትሽን ላለማስያዝ የሚፈረም ወረቀት፣ ተቀበይ።

እሷ፦ አሁን ጃንዋሪ ላይ ሆኖ እያፈሰሰበት ያለውስ?

እሱ፦ መጥረቢያ ይዞ እንዳይወጣ! ሺንግሉን ይሰብራል፣ ራሱም ይወድቃል። ጨውም አይበትን። ሩፍ ሬክ የሚባል ረጅም እጀታ ያለው መጥረጊያ አለ። መሬት ላይ ቆሞ ከጠርዙ 3፣ 4 ጫማ ያህል ያለውን ስኖው ወደ ታች ይሳብ። ግድቡ ከተሠራ በእንፋሎት የሚያቀልጡ ባለሙያዎች አሉ። ኮርኒሱ ውሃ ቋጥሮ ከተነፋ፣ ባልዲ ከሥሩ አድርጎ በስክሩድራይቨር ይብሳው፣ አለበለዚያ ሁሉም ባንዴ ይናዳል። ሺንግል የማስቀየሩ ነገር ግን ቢችል ሙቀት እስኪመጣ ይቆይ፣ ማጣበቂያው ሙቀት ካላገኘ አይይዝም።

እሷ፦ እስካሁን ያላፈሰሰበት ሰው በምን ይወቅ?

እሱ፦ ስኖው በጣለ ማግስት ጠዋት፣ ፀሐይ ሳትበረታ ውጡና ከመንገድ ማዶ ቆማችሁ ጣሪያችሁን እዩ። የጎረቤቶቻችሁ ነጭ ሆኖ የናንተ ቦታ ቦታው ላይ ከተራቆተ፣ ሙቀቱ በዚያ እየወጣ ነው።

እሷ፦ የኔ ከሻወር ቤቱ በላይ ነበር ባዶው። ሁልጊዜ አየው ነበር፣ ነፋስ የወሰደው ነበር የሚመስለኝ።

እሱ፦ ፎቶ አንሱት። ሩፈሩ ሲመጣ መጀመሪያ እሱን አሳዩት።