ፍርግርጉን ከመስታወቱ ውጭ

እሱ፦ እንግዲህ ዛሬ የራሴን ጉድ ይዤ ነው የመጣሁት። የኮንዶሚኒየም ቤቴ ሳሎን ፊቱ ወደ ምዕራብ ነው። ከ9 ሰዓት ጀምሮ ፀሐይዋ ሶፋው ላይ ትቀመጣለች፣ እኔ ኩሽና ውስጥ እቆማለሁ። ምን አደረግኩ? እነዚያን ዓረብ አገር የሚታዩትን ባለ ኮከብ ፍርግርጎች ስልኬ ላይ አይቼ ከላሜራ አስቆረጥኩ። በሌዘር፣ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ፣ እንዴት እንደሚያምር! ከመስኮቱ በውስጥ በኩል አስገጠምኩት።

እሷ፦ በውስጥ?

እሱ፦ በውስጥ። ውጭ ከሆነ ይዝጋል አለኛ በያጁ።

እሷ፦ ከዚያስ?

እሱ፦ ከዚያማ ምጣድ ሆነ። 10 ሰዓት ላይ እጅ አያስነካም።

እሷ፦ ይሆናላ! ፀሐይ አንዴ መስታወቱን ካለፈች ገብታለች፣ በቃ። መጋረጃ ይያዛት፣ ላሜራ ይያዛት፣ ሙቀቱን የሚለቀው እዚያው ክፍልህ ውስጥ ነው። መያዝ ያለባት ውጭ ነው። ካይሮ የድሮ ቤቶች ላይ ያለውን ማሽረቢያ አየኸው? ከግድግዳው ወጣ ብሎ መንገዱ ላይ የተንጠለጠለ የእንጨት ሳጥን ነው። አየር እንደ ልቡ ይገባል፣ ፀሐይዋ ደጅ ትቀራለች።

እሱ፦ ስሙ ራሱ ከመጠጣት ነው የመጣው አይደል?

እሷ፦ አዎ፣ በዓረብኛ ከ«ሸሪበ» ጋር ይያያዛል፣ ጠጣ ማለት ነው። የውሃ ማሰሮ እዚያ ያስቀምጡ ነበር። የእኛን እንስራ አስበው። ሸክላው ላብ ላብ ይለዋል፣ ነፋስ ሲነካው ውሃው ይቀዘቅዛል፣ የሚያልፈውም አየር አብሮ ይቀዘቅዛል። ሐሰን ፈትሂ የሚባለው ግብፃዊ አርክቴክት ማሽረቢያ አምስት ሥራ አለው ይላል፦ ብርሃን መመጠን፣ አየር ማስገባት፣ አየሩን ማቀዝቀዝ፣ እርጥበት መጨመር፣ ገመና መሸፈን። ጌጥ የሚለው እዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም።

እሱ፦ አክስቴ ጅዳ ስትሠራ ከአሮጌው ከተማ ፎቶ ትልክልን ነበር። ቤቶቹ ሙሉ ፊታቸው እንጨት ነው።

እሷ፦ አል-በለድ ነው። እዚያ ሮሻን ይሉታል። ግድግዳው ከባሕር ኮራል ድንጋይ፣ ፊቱ የተቀረጸ እንጨት። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2014 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ብዙ የእኛ ልጆች በዚያ ሰፈር አልፈዋል፣ ቀና ብሎ ያየው ግን ስንቱ ነው? ለነገሩ ለምን ጅዳ ድረስ እንሄዳለን፣ ይምርሃነ ክርስቶስን አስበው። ከላሊበላ ከተማ ወጣ ብሎ ዋሻ ውስጥ ያለው። መስኮቶቹ በእንጨትና በድንጋይ ፍርግርግ የተሞሉ ናቸው፣ መስቀል መስቀል እያሉ የተፈለፈሉ። 12ኛው ክፍለ ዘመን!

እሱ፦ እሺ፣ ወደ እኔ ላሜራ እንመለስ። ሌላም በደል አለው። ዓይን ይወጋል። ብርሃኑና ጥቁሩ ይጣላል፣ ቴሌቪዥን ማየት አልቻልኩም።

እሷ፦ ይሄ የምወደው ነገር ነው። የድሮው በቶርኖ የወጣ ክብ ዘንግ ነው። ክብ ነገር ላይ ብርሃን ቀስ እያለ ነው የሚጨልመው፣ ስለዚህ ዓይን አይደነግጥም። ዝርግ ላሜራ ግን ወይ ብርሃን ወይ ጨለማ፣ መሃል የለውም። ደግሞ የድሮው ላይ ቀዳዳው እኩል አይደለም። እስከ ዓይን ቁመት ድረስ ጥቅጥቅ ይላል፣ ከዚያ በላይ ሰፋ ሰፋ ይላል። ታች ገመና፣ ላይ ብርሃን። አሁን ኮምፒውተር ላይ አንድ ኮከብ ይስሉና ከላይ እስከ ታች ይደጋግሙታል።

እሱ፦ ገመና ስትዪ... አንድ ቀን ጎረቤቴ ደረጃ ላይ አግኝቶኝ «ትናንት አርሰናል ሲያገባ ሶፋው ላይ ዘለልክ አይደል?» አለኝ። በቁምጣ ነበርኩ እኮ! ፍርግርግ አለኝ ብዬ መጋረጃውን ትቼዋለሁ።

እሷ፦ (ሳቅ) ቀን ላይ ውጭው ብሩህ፣ ቤቱ ጨለም ያለ ስለሆነ አንተ ታያለህ፣ እነሱ አያዩህም። ማታ መብራት ስታበራ ተገላቢጦሽ ነው። መጋረጃህን አትተው።

እሱ፦ ሞተር ያለው አይሻልም? ፓሪስ ያለውን አይቻለሁ።

እሷ፦ የዓረብ ዓለም ኢንስቲትዩት፣ የአርክቴክት ዣን ኑቬል ሥራ፣ እ.ኤ.አ. 1987። እንደ ካሜራ ዓይን የሚከፈቱና የሚዘጉ 240 ፓነሎች ናቸው። ያምራል፣ ግን ብዙዎቹ ለዓመታት መንቀሳቀስ አቁመው ነበር። እዚያ ከቆመ እዚህ ማን ይጠግንልሃል? ለአንተ እንጨት ይበቃል። ዋንዛ ወይ ጽድ፣ የተልባ ዘይት ተቀብቶ። እንደ በር ይከፈት፣ አለበለዚያ አቧራውን በምን ትጠርጋለህ? እሳት ቢነሳስ?

እሱ፦ ማሰሮም ላስቀምጥ?

እሷ፦ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት ወንድሜ፣ ማታ ብርድ ልብስ የምትስበው አንተ ነህ። ማሰሮው ለድሬዳዋ። የአንተ ችግር የከሰዓት ፀሐይ ብቻ ናት። እሷ ደግሞ ዝቅ ብላ በጎን ስለምትመጣ ከመስኮቱ በላይ የሚወጣ የጣሪያ ክዳን አያስቆማትም፣ ለዚህ ነው ፍርግርግ የሚያዋጣህ። በሰሜን በኩል ያለው መስኮትህን ተወው፣ ዝም ብለህ ቤቱን አታጨልም።

እሱ፦ ሁለተኛ እንዳልከስር ፈራሁ።

እሷ፦ መጀመሪያ የብሎኩን ኮሚቴ ጠይቅ፣ የሕንፃውን ፊት ስለሚነካ። ከዚያ ካርቶን ቆርጠህ በረንዳው ላይ ከመስታወቱ ውጭ እሰር፣ ታቹን ጠበብ፣ ላዩን ሰፋ አድርገህ። ሳምንት ተቀመጥበት። 10 ሰዓት ላይ ሶፋው ላይ ሁነህ ደውልልኝ።

እሱ፦ የቴሌቪዥኑ ካርቶን አልጋ ሥር አለ። ላሜራውንስ ምን ላድርገው?

እሷ፦ ለአጥር በር ይሆናል። ለእናትህ ስጣቸው።